ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስም ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም፦ ናስ ወደ ውጭ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን እዩ

ዛሬ የምናወራው ስለ ፋይል ነው። በተለይ ፎቶ ቤት፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ማተሚያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ልጆች በደንብ አንብቡት።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ጊጋባይት ይሞላል። ጥር ላይ ዱርቤቴ ያለ አንድ ስቱዲዮ በሳምንት ሁለት ሠርግ ያዘ እንበል። እያንዳንዱን አራት ሰዓት ቢቀርጽ በሳምንት 360 ጊጋባይት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ የት ይቀመጣል? ብዙ ጊዜ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ ማለት የሰው ሠርግ አብሮ ወደቀ ማለት ነው። ሠርግ ደግሞ ድጋሚ አይቀረጽም።

ለዚህ ነው ብዙ ወጣቶች ናስ ስለሚባለው ዕቃ መጠየቅ የጀመሩት። ጥያቄው ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕቃው ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ የምትነኳቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ በትክክል ከተሠሩ ሥራችሁን ያቀሉታል፣ በችኮላ ከተነኩ ግን የደንበኞቻችሁን ፋይል ለማታውቁት ሰው አሳልፈው ሊሰጡ ይችላሉ። ዛሬ እነሱን እንፈታቸዋለን።

ናስ ምንድን ነው?

ናስ ሲባል የዕቃ ቤቱን ናስ እንዳታስቡ። ይሄኛው በዩኤስቢ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ከመያያዝ ይልቅ ራውተሩ ላይ በኬብል የሚሰካ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በዚያ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክም ሆነ ላፕቶፕ ይደርስበታል። ሲኖሎጂና ኪውናፕ የታወቁ አምራቾች ናቸው። ቤቱ አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ኦፕንሚዲያቮልት ወይም ትሩናስ የሚባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች ጭኖ የራሱን ናስ መሥራት ይችላል።

ሴቲንጉን ስትከፍቱ ግር የሚሉት ሁለቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ "ዶሜይን/ኤልዳፕ" እና "ዲዲኤንኤስ"። የመጀመሪያው በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ የሚያየው የስም ዝርዝር ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ምን ይንካ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ውጭ ላለ ሰው ቤታችሁን የሚጠቁም ስም ነው። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል፤ "ፋይሌን ባሕር ዳር ሆኜ በስልኬ ልየው" የሚለው ነገር ስለሚያጓጓ። እኛ ግን ተቃራኒውን እንላለን፦ መጀመሪያ የውስጡን አስተካክሉ።

የውስጡ፦ ዳይሬክተሪ ሰርቪስ

በፋይዳ እንጀምር። ባንክ ሄዳችሁ የፋይዳ ቁጥራችሁን ስትሰጡ ባንኩ ማንነታችሁን ከአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ያረጋግጣል። ሌላ ባንክ ብትሄዱም የሚጠይቀው ያንኑ መዝገብ ነው። ዳይሬክተሪ ሰርቪስም ልክ እንደዚህ ነው። የተጠቃሚዎች ስም፣ ፓስወርድና ምድብ አንድ ቦታ ይመዘገባል፤ ናሱ፣ ኮምፒውተሮቹ፣ አንዳንዴም ዋይፋዩ ሁሉ እዚያ እየጠየቁ ያስገባሉ። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስሙን ትዘጋላችሁ፤ በቃ፣ ከሁሉም ወጣ።

ይህን ጥያቄና መልስ የሚያካሂደው ቋንቋ ኤልዳፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከዊንዶውስ 2000 ጋር አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን አመጣ። ዛሬ ሳምባ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ከወጣው 4ኛ ስሪቱ ጀምሮ፣ ያንኑ ሥራ ያለ ዊንዶውስ ሰርቨር መሥራት ይችላል። አንዳንድ ናሶችም ይህን ውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ።

ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ስቱዲዮ ከሆነ ናሱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት መክፈት ይበቃል። ዋናው ነገር ሁሉም በአንድ "አድሚን" አካውንት እንዳይገባ ነው። 20 እና 30 ኮምፒውተር ያለበት የትምህርት ቤት ክፍል ከሆነ ግን ዳይሬክተሪ እፎይታ ነው። ያለበለዚያ 30 ኮምፒውተር ላይ 30 ጊዜ ፓስወርድ ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

ለመሥራት ከተነሳችሁ ሰው የሚጠለፍባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

1. የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። ዊንዶውስ ሆም ዶሜይን ውስጥ አይገባም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ በተራ ኤልዳፕ ብቻም ሎግ ኢን አያደርግም፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም ሳምባ የሚሰጠውን ዓይነት ዶሜይን ይፈልጋል።

2. ዲኤንኤሱን አስተካክሉ። ኮምፒውተሮቹ ዶሜይኑን የሚያገኙት በዲኤንኤስ ነው። ራውተሩ የጉግልን 8.8.8.8 እየሰጣቸው ከሆነ ጉግል የእናንተን የውስጥ ዶሜይን አያውቀውም፤ "አልተገኘም" ይላል። ስለዚህ የኮምፒውተሮቹ ዲኤንኤስ የዳይሬክተሪ ሰርቨሩ አድራሻ መሆን አለበት።

3. ሰዓቱን! ይሄ እኛ አገር የተለየ ጣጣ አለው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰው ሲያስገባ ከርቤሮስ የሚባል ዘዴ ይጠቀማል። ከርቤሮስ በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ በተለመደው አሠራሩ አያስገባም። አሁን አስቡት፦ አንዱ ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን በእጁ "3፡00" ብሎ ሞላው። ለኮምፒውተሩ ግን ትክክለኛው 9፡00 ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት መጣ ማለት ነው። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ "አይሆንም" ይላችኋል። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር የሞላው ሰው ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ይላል። መፍትሔው የሰዓት ክልሉን የምሥራቅ አፍሪካ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የሚቀድመውን መምረጥና ሰዓቱን ከናሱ ወይም ከዳይሬክተሪ ሰርቨሩ እንዲወስዱ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዓት ይይዛሉ።

4. ስም አሞላል። ኤልዳፕ "የቤተሰብ ስም" የሚል ባዶ ሆኖ የማያልፍ ሳጥን አለው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም እዚያ ይገባል። ዋናው ግን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ መሞላቱ ነው። በአንድ ክፍል ሦስት አበበ ሊኖር ስለሚችል መግቢያ ስሙን ከስምና ከአባት ስም አጣምሩት፤ እሱን በላቲን ፊደል ጻፉት። የፋይልና የፎልደር ስም ግን በአማርኛ ይሁን፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ዘመናዊ ናስ ላይ አይበላሽም።

5. ለሰው ሳይሆን ለምድብ ፍቀዱ። "ኤዲተር"፣ "ካሜራ"፣ "ሒሳብ" የሚሉ ምድቦች ፍጠሩ፤ ፎልደሩን ለምድቡ ክፈቱ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ምድቡ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። በመጨረሻም ዳይሬክተሪው ቢበላሽ ናሱ ውስጥ መግባት እንድትችሉ ናሱ ላይ የራሱ የሆነ አንድ የአስተዳዳሪ አካውንት አስቀሩ፤ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋችሁ ቆልፉበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቤቱ ውስጥ ባለው ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለወራት እንዴት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። ክላውድ ላይ ብቻ ፋይል ያስቀመጠ ሰው ያኔ ፋይሉ አለው ማለት አይቻልም፤ መድረስ አይችልማ። ራውተር፣ ናስና የውስጥ መዝገብ ያለው ቤት ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። እኛ ከውስጡ ጀምሩ የምንለው ለዚህ ነው።

የውጭው፦ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር በመራዊ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ስቱዲዮ የሚፈልግ እንግዳ የቤት ቁጥር አይጠይቅም፤ መናኸሪያው ጋ ወርዶ የባጃጅ ሹፌር በስም ይጠይቃል። ስቱዲዮው የኪራይ ቤት ቢቀይር እንኳ ሹፌሩ አዲሱን ቦታ ካወቀ እንግዳው አይጠፋም።

ኢንተርኔት ላይ የቤቱ ቦታ አይፒ አድራሻ የሚባለው ቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያወጣው አሠራር። ችግሩ የቤት ኢንተርኔት ቁጥር ብዙ ጊዜ ቋሚ አለመሆኑ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተራችሁ አዲስ ቁጥር ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ልክ እንደ ተከራይ። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ማለት ናሱ ራሱ "አሁን እዚህ ነኝ" እያለ ለባጃጅ ሹፌሩ የሚደውልበት ዘዴ ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ስሙ ወዲያው ወደ አዲሱ ቁጥር ይዞራል።

ግን ልብ በሉ፦ ሹፌሩ ቦታውን ማወቁ መንገዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በሩ ተቆልፏል ማለትም አይደለም። ዲዲኤንኤስ ስም ብቻ ነው። መንገዱና ቁልፉ ሌላ ሥራ ናቸው።

መንገዱ አለ ወይ?

ይሄን ሳታዩ ምንም ነገር አትንኩ። የዓለም አሮጌው የአይፒ ቁጥር በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ የማዕከላዊው ክምችት የመጨረሻ ድርሻ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍሎ አለቀ። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ አቅራቢዎች በተለይ በሞባይል ዳታ ላይ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ ቁጥር ስር ያስቀምጣሉ። አንድ ግቢ ውስጥ 50 ተከራይ አለ፣ በሩ ግን አንድ ነው እንደማለት። ውጭ ያለ ሰው በሩን ቢያንኳኳ የማን እንግዳ እንደሆነ አይታወቅም፤ ይመለሳል።

መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ስልክ ይበቃል። ዋይፋዩ ላይ ሆናችሁ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ፤ "ዋን አይፒ" የሚለውን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ብራውዘር ላይ "አይፒ አድራሻዬ ስንት ነው" የሚል ፍለጋ አድርጉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ መንገድ አለ። ከተለያዩ የለም። የራውተሩ ቁጥር በ10፣ በ192.168፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የግቢ ውስጥ ቁጥር ነው፤ ዲዲኤንኤስ አብርታችሁ አብርታችሁ አይሠራም። ሲም ካርድ በሚገባበት ራውተር የምትጠቀሙ ልጆች ይሄ ሊገጥማችሁ እንደሚችል ጠብቁ። ጥፋቱ የናሱም የእናንተም አይደለም። ከአቅራቢው በክፍያ ቋሚ የውጭ አይፒ መጠየቅ፣ ወይም ከታች የምንነግራችሁን ሌላ መንገድ መያዝ ነው።

መንገድ ካለ አሠራሩ ይሄ ነው፦

1. ራውተሩ ላይ ለናሱ የማይቀየር የውስጥ ቁጥር ያዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.50።
2. ስም አውጡ። ሲኖሎጂና ኪውናፕ ለደንበኞቻቸው ነፃ ስም ይሰጣሉ። ዳክ ዲኤንኤስም ነፃ ነው። ኖ-አይፒ ነፃውን ስም በየ30 ቀኑ "አለሁ" ብላችሁ እንድታድሱ ይጠይቃል፤ ከረሳችሁ ስሙ ይጠፋል።
3. ናሱ ውስጥ ዲዲኤንኤስ የሚለው ላይ ስሙንና የተሰጣችሁን ቁልፍ አስገቡ። ሲኖሎጂ ላይ "ኮንትሮል ፓነል" ውስጥ "ኤክስተርናል አክሰስ" ስር ታገኙታላችሁ።
4. የደህንነት ሰርተፊኬት አውጡ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። ሰዓቱና ዓመቱ ስህተት ከሆነ ይሄም እምቢ ይላል።
5. ስትሞክሩ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። አንዳንድ ራውተሮች ውስጥ ሆናችሁ በውጭው ስም ስትገቡ አያስገቡም፤ ስለዚህ ውስጥ ሆኖ መሞከር ያታልላል።

ቁልፉስ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ወደ ውጭ የተከፈተ ናስ የሚያገኘው የእናንተን ደንበኛ ብቻ አይደለም። ቀንና ሌሊት መላውን ኢንተርኔት እያንኳኩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ። ለእነሱ ዱርቤቴ ሆነ ለንደን ያው ቁጥር ነው።

የሆነውን እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ሲኖሎከር የሚባል ፕሮግራም ያልታደሱ የሲኖሎጂ ናሶችን ገብቶ ፋይላቸውን ቆለፈ። በሚያዝያ 2021 ኪውሎከር የሚባለው የኪውናፕ ናሶች ላይ ፋይሎችን በፓስወርድ እያሸገ 0.01 ቢትኮይን ጠየቀ። በጥር 2022 ደግሞ ዴድቦልት መጣ፤ ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶችን ቆልፎ ከእያንዳንዱ ሰው 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። እስቲ አስቡት፦ የ40 ሙሽሮች ቪዲዮ ተቆልፎ ቢትኮይን ክፈሉ ስትባሉ ለየትኛው ቤተሰብ ምን ትላላችሁ?

ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

▪ 445 የሚባለውን የፋይል መጋሪያ ፖርት መቼም ቢሆን ወደ ውጭ አትክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በኩል ነው።
▪ ራውተሩ ላይ "ዩፒኤንፒ" የሚለውን አጥፉ፤ ዕቃዎች ሳይነግሯችሁ ራሳቸው በር እንዳይከፍቱ።
▪ "አድሚን" የሚለውን የተለመደ አካውንት ዝጉ፤ ሌላ ስም ያለው አስተዳዳሪ ፍጠሩ፤ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ኮድ አብሩ።
▪ ፓስወርድ ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ ናሱ እንዲያግድ አድርጉ። የሶፍትዌር ዝማኔ ሲመጣ አታሳድሩት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ናሱን ጭራሽ ለውጭ አለመክፈት ነው። በምትኩ ቪፒኤን አድርጉ። ራውተራችሁ ወይም ናሱ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን ካለው፣ ውጭ የምትከፍቱት የቪፒኤኑን በር ብቻ ነው፤ ስልካችሁ በዚያ ከገባ በኋላ ልክ ስቱዲዮው ውስጥ እንደተቀመጠ ናሱን ያያል። ዲዲኤንኤስ እዚህም ይጠቅማል፤ ስልኩ ቤቱን የሚያገኘው በዚያ ስም ነው። የውጭ አይፒ የሌላችሁ ደግሞ ቴይልስኬልን ወይም የሲኖሎጂን ኩዊክኮኔክት ሞክሩ። እነዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውሉ የግቢው በር የጋራ ቢሆንም ይሠራሉ፤ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈትም አያስፈልግም።

ከውጭ ምን ያህል ይጠቅማችኋል?

ይሄንንም በሂሳብ። ከውጭ ሆናችሁ ፋይል ስታወርዱ ፍጥነቱን የሚወስነው የስቱዲዮው የአፕሎድ ፍጥነት ነው። አፕሎዱ 4 ሜጋቢት ከሆነ ያ የአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ቪዲዮ 25 ሰዓት ይፈጃል፤ መስመሩ አንድም ጊዜ ካልተቆረጠ። ስለዚህ ውጭ አገር ላለ የሙሽራው ወንድም ጥሬውን ቪዲዮ በዚህ መላክ አታስቡ። የተመረጡ ፎቶዎች፣ የተጨመቀ አጭር ቪዲዮ፣ የዋጋ ሰነድ፤ ለእነዚህ ግን ግሩም ነው። ከባዱ ሥራ የውስጡ ኔትወርክ ላይ ይቆይ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ ሁለት ዲስክ ያለው ናስ አንዱ ሲሞት ሌላው ያድናል፤ ግን ባክአፕ አይደለም። ፋይል በስህተት ከጠፋ ወይም ከተቆለፈ ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚሄደው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ንቀሉት፤ ሌላ ቤት አስቀምጡት። ያልተሰካ ዲስክ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌባ አይደርስበትም። ሁለተኛ፣ ዩፒኤስ ግዙለት። መብራት እየጻፈ ባለበት ሰከንድ ሲሄድ ፋይል ይበላሻል። አብዛኛዎቹ ናሶች ከዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ ሲያያዙ ባትሪው ሳያልቅ ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ።

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ ዩፒኤስና ባክአፕ፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው አካውንትና ምድብ፣ ኮምፒውተሩ ከበዛ ዳይሬክተሪ፣ ከዚያ መንገዱ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ቪፒኤን፤ ዲዲኤንኤስ ከእሱ ጋር በመጨረሻ። አብዛኛው ሰው የሚጎዳው ይህን ከኋላ ወደ ፊት ሲሠራው ነው።

ሰው ሠርጉን፣ የልጁን ክርስትና፣ የእናቱን ፎቶ ሲሰጣችሁ አምኗችሁ ነው። ስሙን ከመለጠፋችሁ በፊት በሩን ቆልፉ። ስቱዲዮ ወይም ኮምፒውተር ክፍል ለሚያስተዳድር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ሰላም ሁኑ!